ቲለር ባለው ጀልባ ላይ አውቶፓይለቱን ከወለል በታች ማስገባት፦ ክንዱና መሠረቱ እንዴት ይሠራ?

የቼሳፒክ_ልጅ (አናፖሊስ)

ሰላም ለሁላችሁም። ፒርሰን 30 አለችኝ፣ የ1975 ምርት። መሪዋ ቲለር ነው። ለማያውቅ፣ ቲለር ማለት እንደ መኪና ክብ መሪ ሳይሆን ራደሩን (ውሃው ውስጥ ሆኖ ጀልባዋን የሚያዞረውን ሰሌዳ) በቀጥታ የሚያዞር ረጅም እንጨት ነው። የፊተኛው ባለቤት በአንድ ወቅት ክብ መሪ አስገብቶላት ነበር። ኋላ አውልቆ ወደ ቲለር መለሳት። ለእኔ የተረፈኝ ቦታው ነው። ከኮክፒቱ (መሪ ይዘን ከምንቀመጥበት ስፍራ) ወለል ሥር፣ ኳድራንቱ (የክብ መሪው ኬብል ዘንጉን የሚያዞርበት ብረት) በነበረበት፣ የራደሩ ዘንግ ራቁቱን ይታያል። ከታች ውሃ ማገጃው፣ ከላይ ኩሽኔታው፣ መሃሉ ባዶ።

እስካሁን ቲለሩ ላይ የሚንጠለጠለውን ትንሹን አውቶፓይለት (መሪውን በራሱ የሚይዝ መሣሪያ)፣ ኤስቲ2000 የሚባለውን ነው የምጠቀመው። እስከ 4500 ኪሎ ለሚመዝን ጀልባ ነው የተሠራው። የእኔዋ ባዶዋን 3770 ኪሎ ገደማ ናት። ውሃ፣ ነዳጅ፣ መልሕቅ፣ ስንቅና ሰው ሲጨመርባት ጫፉ ላይ ትደርሳለች። የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ውሃው ጥልቀት የለውም፣ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ታዞራለች። ትንሹ ሞተር እስኪደርስ ሸራው ተገልብጧል። ብዙ ጊዜ ብቻዬን ነኝ። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ እሰጋለሁ።

ያሰብኩት ሬይማሪን ታይፕ 1 የሚባለውን ከወለል በታች የሚገባ ገፊ ዘንግ ነው። ከእሱ ጋር ኤሲዩ-200 መቆጣጠሪያና ኢቪ-1 ኮምፓስ። ጥያቄዬ ኤሌክትሮኒክሱ አይደለም። ገፊው የሚገፋውን ክንድ ከራደሩ ዘንግ ጋር በምን ልሰር? የገፊውንስ እግር ከጀልባዋ ጋር በምን ላያይዝ?

ጎተንበርግ_44

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዕድለኛ መሆንህን እወቀው። እኔ ኖርዲክ ፎልክቦት ነው ያለኝ። ራደሩ ከጀልባው ውጭ፣ ከኋላው ግድግዳ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ከወለል በታች የምይዘው ዘንግ የለኝም። ገፊውን ውስጥ አስቀምጦ በኋላው ግድግዳ በኩል ቀዳዳ ከፍቶ ማውጣት ይቻላል ይላሉ። ቀዳዳው በጎማ ከረጢት ይሸፈናል። እኔ ግን ከውሃው መስመር በላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ጀልባዬን መብሳት አልወድም። ስለዚህ በነፋስ የሚሠራ መሪ ላይ ቀረሁ። መብራት አይበላም፣ ነፋሱ በጠነከረ ቁጥር ጉልበቱም ይጨምራል።

አንተም ረጅም መንገድ ካሰብክ ስለሱ አስብ። ጎልደን ግሎብ ውድድር ላይ ዓለምን ብቻቸውን የሚዞሩት በነፋስ መሪ ነው። አውቶፓይለት አይፈቀድላቸውም።

የቼሳፒክ_ልጅ

አመሰግናለሁ ወንድም። የነፋስ መሪ አስቤበት ነበር። ግን ቼሳፒክ ላይ በጋ ሲሆን ነፋሱ ይሞታል። ግማሹን መንገድ በሞተር ነው የምሄደው። ያኔ የነፋስ መሪ አያገለግለኝም።

ፑጄት_ነፋስ (ሲያትል)

እኔ ይህንኑ ሥራ ከሦስት ዓመት በፊት 29 ጫማ ጀልባዬ ላይ ሠርቻለሁ። ባለቤቴና እኔ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶብናል። ያሰብነው ሁለት ቅዳሜ ነበር።

ምንም ሳትገዛ ካርቶንና እንጨት ያዝ። የገፊውን ልኬት በእንጨት ሥራውና እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አስገባው። ቲለሩን ከዳር እስከ ዳር አዙረው። እንጨቱ የሚነካው ነገር አለ? የጭስ ማውጫው ቱቦ? የውሃ ማውጫው? እኛ በስዕል የገባ የመሰለን ነገር በእንጨቱ ሞዴል የሞተሩን ጭስ ቱቦ ሲመታ አየነው። ያንን ገፊውን ገዝተን ቢሆን ያየነው፣ በገንዘብም በልብም ይጎዳን ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ታይፕ 1 ከጫፍ እስከ ጫፍ 300 ሚሊ ሜትር ይገፋል። ለእሱ የሚመከረው የክንድ ርዝመት ከዘንጉ መሃል፣ ገፊው ከክንዱ ጋር እስከሚያያዝበት ፒን መሃል 250 ሚሊ ሜትር ነው። ራደሩ መሃል ላይ ሲሆን ገፊው ከክንዱ ጋር ልክ 90 ዲግሪ መሥራት አለበት። ያኔ በእያንዳንዱ በኩል ወደ 37 ዲግሪ ታገኛለህ። ለማንኛውም ጀልባ ይበቃል።

አንዳንዱ ቦታ ሲጠበው ክንዱን 200 ያደርገዋል። አታድርገው። ያው ገፊ በአጭር ክንድ ሲሠራ ዘንጉን የሚያዞርበት ጉልበት አንድ አምስተኛው ይቀንሳል። በተቃራኒው ራደሩ ሲመታ በእግሩ ላይ የሚመለሰው ኃይል በሩብ ይጨምራል። ከሁለቱም ወገን ትከስራለህ።

ሐይፋ_ማዕበል

ስለ እግሩ እኔ ልናገር። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ከሐይፋ ላርናካ ወደ 140 የባሕር ማይል ነው። በ5 ኖት (በሰዓት 5 የባሕር ማይል) ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል። ገፊውን ያስገባልኝ አንድ ባለሙያ ነበር። የገፊውን እግር ያሰረው ከጀልባው ጎን ጋር በተለጠፈ ቀጭን ኮምፔንሳቶ ላይ ነው። አሮጌው ቀለም እንኳ አልተፋቀም። በላዩ ላይ ፋይበርግላስ አንድ ድርብ። ሲታይ ያምራል። በወደብ ላይ ሆነን ሞከርነው፣ ሠራ።

ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከባሕር ዳር ሠላሳ ማይል ርቀን፣ ከታች «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ። ወርጄ በባትሪ ሳይ ኮምፔንሳቶው ከነፋይበርግላሱ ከጀልባው ጎን ተላቋል። ገፊው ራደሩን ሳይሆን ራሱን ነው የሚገፋው። ቲለሩን ይዤ ነጋብኝ። አብራኝ የነበረችው የእህቴ ልጅ ገና 19 ዓመቷ ነው፣ በባሕር ስትታመም ነው ያደረችው። ያን ሌሊት አልረሳውም።

አስቡት። ታይፕ 1 ጉልበቱ እስከ 295 ኪሎ ይደርሳል። ይህ ኃይል አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ነው። በየጥቂት ሴኮንዱ፣ ለሰዓታት። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የሚጫን ክብደት አይደለም። ቀስ በቀስ ያላቅቃል።

አሁን እንዲህ ነው የሠራሁት። 25 ሚሊ ሜትር የባሕር ኮምፔንሳቶ። ቀለሙን እስከ ፋይበርግላሱ ድረስ ፋቅሁ፣ በአሴቶን ጠረግሁ። ኮምፔንሳቶውን በሁለት ግድግዳ መካከል እንደ መደርደሪያ አቆምኩት፤ ኃይሉ የሚመጣው በጠርዙ አቅጣጫ እንጂ በሆዱ እንዳይሆን። ማዕዘኖቹን በኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ሊጥ አለሰለስኩ። ከዚያ ሦስት ድርብ ባለ ሁለት አቅጣጫ ፋይበርግላስ፣ እያንዳንዱ ከበፊቱ ሰፋ እያለ። እግሩን በቪቴ ሳይሆን ተሻግሮ በሚያልፍ ብሎን አሰርኩት። ከኋላው ሮንዴላ ብቻ ሳይሆን የስቴንለስ ሰሌዳ አለ።

ቶርኖ_ቤት (ሚኒያፖሊስ)

ጀልባ የለኝም። ሙያዬ ግን ቶርኖ ነው፣ አዲስ አበባ ጀምሬ እዚህም ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ክንዱ ልመልስ።

ዘንጉን በትራፓኖ በስቶ ብሎን ማሳለፍ መጥፎ ሐሳብ ነው። ዘንግህ ውስጡ ባዶ ቱቦ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ባይሆንም ቀዳዳው በትክክል ኃይሉ በሚበዛበት ቦታ ላይ ያዳክመዋል። ትንንሽ ማጥበቂያ ቪቴ ብቻ መተማመንም አይሆንም። ዘንጉን ይቧጥጡና ይንሸራተታሉ።

ትክክለኛው ክንድ ሁለት ግማሽ ሆኖ ዘንጉን የሚያቅፍ ነው። በአራት ብሎን ይጠበቃል። በዘንጉና በክንዱ መካከል የኪይ ቦይ (ኪይ የሚባለው ትንሽ ብረት የሚገባበት ጎድጓዳ መስመር) ይኖራል። እቅፉ ጭነቱን ይይዛል፣ ኪዩ ደግሞ መንሸራተትን ይከላከላል። የፊተኛው ባለቤት ኳድራንት አስገብቶ ከነበረ ቦዩ አሁንም ዘንጉ ላይ ሊኖር ይችላል። ቆሻሻውን ጥረግና እይ።

ዘንጉን በካሊፐር በሦስት ቦታ ለካ። በየቦታውም በሁለት አቅጣጫ። የሃምሳ ዓመት ዘንግ ክብ ላይሆን ይችላል። ልኬቱን ሳታውቅ ክንድ አትዘዝ። ነሐስ ጥሩ ነው። አሉሚኒየምን ከስቴንለስ ጋር በጨው ውሃ አታጋባ፣ አሉሚኒየሙ ይበላል። ማሠራት ካልፈለግክ ኤድሰን የሚባል ማሳቹሴትስ ያለ ፋብሪካ አለ። ከ1859 ጀምሮ የመሪ ዕቃ ይሠራል፤ በልኬትህ ያዘጋጁልሃል።

የቼሳፒክ_ልጅ

ቶርኖ ቤት፣ እጅህን ይባርከው! ዛሬ ወርጄ ጠረግኩት። ቦዩ አለ። በቅባትና በአሮጌ ዝገት ተሞልቶ ስለነበር ነው ያላየሁት።

ፑጄት፣ የእንጨት ሞዴሉንም ሠራሁ። ከኋላ በኩል የነዳጁ ታንክ ይነካዋል፣ በግራ በኩል ግን ይገባል። አንድ ያልገባኝ ነገር፦ ራደሩ ማቆሚያ አለው፣ ገፊውም የራሱ ጫፍ አለው። የትኛው ይቅደም?

ፑጄት_ነፋስ (ሲያትል)

ሁልጊዜ የራደሩ ማቆሚያ ይቅደም። ገፊው ጫፉ ላይ ደርሶ ከቆመ፣ ማዕበል ራደሩን ሲመታ ምቱን የሚቀበለው የገፊው ውስጥ ነው። ያ ደግሞ ለዚህ አልተሠራም።

ልኬቱን በቁጥር ልንገርህ። ክንድህ 250 ሆኖ ራደሩን 35 ዲግሪ ላይ ብታቆመው፣ ገፊው ከመሃሉ 143 ሚሊ ሜትር ሄዷል። ያለው 150 ነው። በየጫፉ የቀረህ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ፒኑ ትንሽ ቢላላ ወይም መሃሉን ስትለካ ብትሳሳት ያልቃል። 32 ላይ ብታቆመው 17 ሚሊ ሜትር ይተርፍሃል። እኛ 32 አድርገናል። ራደር ከ35 በላይ ሲዞር ጀልባዋን ከማዞር ይልቅ እንደ ፍሬን ነው የሚይዛት፤ ስለዚህ የምታጣው ነገር የለም።

ማቆሚያውን ደግሞ ጠንካራ አድርገው። ጎማ የለበሰ ብረት ወይም የተጣበቀ ጠንካራ እንጨት፣ ክንዱ ራሱ የሚያርፍበት።

የምጽዋው (ኖርፎክ)

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። እንዲህ በአማርኛ ስለ መሪና ስለ ዘንግ ስትነጋገሩ ማንበብ ደስ ይለኛል። እኔ በወጣትነቴ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ። «ኢትዮጵያ» የምትባለዋ መርከባችን ላይም ሠርቻለሁ። አሜሪካኖች በ1962 የሰጡን ናት። ዛሬ አርጅቻለሁ፣ ጀልባ የሌላቸውን ልጆች አስተምራለሁ።

ስለ መካኒክ ሥራው ብዙ ብላችኋል። ስለ ሽቦው ማንም አላነሳም። አውቶፓይለት ተበላሸ ከሚባለው ብዙው የቀጠነ ሽቦ ነው።

አንተ ልጄ፣ ከባትሪህ እስከ መቆጣጠሪያው ስንት ሜትር ነው? 6 ሜትር ነው እንበል። መሄጃና መመለሻው 12 ሜትር ይሆናል። ገፊው ሲጨነቅ 10 አምፔር ቢስብ፣ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ወደ 0.9 ቮልት መንገድ ላይ ይጠፋል። ከ12 ቮልት ላይ ይህ 7 በመቶ ነው። ባትሪህ ሌሊቱን ደክሞ 12 ላይ ከሆነ መቆጣጠሪያው የሚያገኘው 11 ብቻ ነው። ያኔ ራሱን ያጠፋል፣ ወይም የገፊው ክላች (ገፊውን ከመሪው ጋር የሚያያይዘውና የሚለቀው ክፍል) ይለቃል። ያውም ማዕበሉ በጠነከረበት ሰዓት፣ ብዙ በሚስብበት ሰዓት ማለት ነው። በ6 ካሬ ሽቦ ግን የሚጠፋው ከ0.4 ቮልት በታች ነው። በቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ ተጠቀም፣ ለባሕር የተሠራውን። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን። አውቶፓይለቱን ከሌላ ነገር ጋር አታጋራው።

ሌላው ኮምፓሱ ነው። ቢያንስ አንድ ሜትር ከብረት፣ ከድምፅ ማጉያና ወፍራም ሽቦ ከሚያልፍበት አርቀው። አንድ ልጅ መጣልኝ፣ አውቶፓይለቴ አንዳንድ ቀን ይስታል፣ አንዳንድ ቀን አይስትም ብሎ። ሄጄ አየሁ። ኮምፓሱ ከመፍቻ ሳጥኑ ጋር በአንድ ግድግዳ ማዶ ለማዶ ነው። መፍቻው ሳጥን ውስጥ ሲሆን ይስታል፣ ሲያወጡት ይድናል።

የቼሳፒክ_ልጅ

ጋሼ፣ እድሜዎን ያርዝመው። ሽቦው 7 ሜትር ነው የሚሆነው፣ 6 ካሬ ሳይሆን 10 አደርገዋለሁ። ኮምፓሱን ምሶሶው እግር አጠገብ፣ ከሳሎኑ ወንበር ሥር አደርገዋለሁ። እዚያ ብረት የለም።

ጎተንበርግ_44

ማንም ያላነሳውን አንድ ነገር ላንሳ፣ ምክንያቱም ብቻህን እንደምትሄድ ነግረኸናል። ትንሹ አውቶፓይለት ቲለሩ ላይ ሲሆን፣ አንዳንዶቻችን ከኋላ ረጅም ገመድ ውሃ ላይ እንጎትታለን። ገመዱ ከአውቶፓይለቱ ጋር ታስሯል። ሰው ቢወድቅ ገመዱን ይዞ ሲስብ ዕቃው ከፒኑ ይነቀላል፣ ጀልባዋም ወደ ነፋሱ ዞራ ትቆማለች። ከወለል በታች ስታስገባው ይህን ታጣለህ። ክላቹ እስካልተለቀቀ ድረስ ጀልባዋ ቀጥ ብላ ጥላህ ትሄዳለች። በ5 ኖት የምትሄድ ጀልባን የሚደርስባት ዋናተኛ የለም።

የቼሳፒክ_ልጅ

ይህን በእውነት አላሰብኩትም። ባለቤቴ አጠገቤ ሆና አነበበችው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘረጋ የደህንነት ገመድ እስካልታሰረ ድረስ ከወደብ አልወጣም ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። ገመዱንም በመሃል በኩል አድርጌዋለሁ፣ ብወድቅም ከጀልባዋ ጠርዝ እንዳላልፍ።

የቼሳፒክ_ልጅ *(ከሰባት ሳምንት በኋላ)*

ጨረስኩ! የሆነውን ልንገራችሁ።

ክንዱ ነሐስ ነው፣ ቦዩን ተጠቅሜ። እግሩን በሐይፋ ዘዴ ሠራሁት፣ በጠርዝ የቆመ ኮምፔንሳቶ። ማቆሚያው 32 ዲግሪ። ጀልባዋ እንደታሰረች አንድ ሰው ቲለሩን ሙሉ ኃይሉን ሲገፋ እኔ ታች ሆኜ እግሩን በእጄ ያዝኩት። ምንም አልነቃነቀም። ይህን ፈተና ለሁሉም እመክራለሁ፤ ዓይን የማያየውን እጅ ያገኘዋል።

ክላቹ ሲለቀቅ ቲለሩ ከበፊቱ ትንሽ ከበድ ይላል። በቀላል ነፋስ ይሰማኛል። በእጅ መንዳት ለሚወድ ይህ ኪሳራ ነው፣ አልደብቅም። በሌላ በኩል ክብ መሪ ያላቸው ኬብላቸው ቢበጠስ የአደጋ ጊዜ ቲለር ፍለጋ ይገባሉ። የእኔ ቲለር ሁልጊዜ እዚያው ነው። አውቶፓይለቱ ሲሠራ ቲለሩን ወደ ላይ ቀጥ አደርገዋለሁ፣ ኮክፒቱም ይሰፋል።

ባለፈው ዓርብ ከአናፖሊስ በስተደቡብ ወዳለችው ወደ ሶሎመንስ ወረድኩ። ነፋሱ ከኋላ፣ 18 አንዳንዴ 20 ኖት። መጀመሪያ ዋናውን ሸራ ሳልቀንስ ሞከርኩት። ያዘው፣ ግን አምፔሩ በአማካይ ከ4 በላይ ሆነ። አንድ ጊዜ ሸራውን ስቀንስ ወደ 2 ወረደ። ፍጥነቷ ግን ያው ነበር። በ24 ሰዓት ሲታሰብ ከ96 ወደ 48 አምፔር ሰዓት ማለት ነው። ያንን ልዩነት በፀሐይ ሰሌዳ ልመልሰው ብል ሌላ ትልቅ ሰሌዳ ሊያስፈልገኝ ነው።

አንድ ያስደነገጠኝ ነገር ደረሰ። እዚያው ጉድጓድ ውስጥ የጎን መከላከያ ትራሶችና ገመዳቸውን አስቀምጫለሁ። አንዱ ገመድ ወርዶ በክንዱና በማቆሚያው መካከል ገባ። መሪው ወደ ቀኝ ግማሽ ድረስ ብቻ ሄዶ ቆመ። ክላቹን ለቅቄ ወርጄ አወጣሁት። ከፊት ለፊቴ ሌላ ጀልባ ቢኖር ምን ይሆን ነበር? በማግስቱ ገፊውን ከዕቃው የሚለይ ግድግዳ ሠራሁ። እባካችሁ፣ እናንተ ግድግዳውን ከመጀመሪያው ሥሩ።

ሐይፋ_ማዕበል

እንኳን ደስ ያለህ! እግሩን በየወሩ እየው። በጠርዙ ዙሪያ ነጭ መስመር ከታየህ ፋይበርግላሱ መላቀቅ ጀምሯል ማለት ነው።

የምጽዋው (ኖርፎክ)

ጎበዝ። ትንሹን አሮጌውን አትሽጠው። ፒኖቹ ቲለሩ ላይ እንዳሉ ይቆዩ። ቤርሙዳ ከአናፖሊስ 750 ማይል ነው። መንገድ ላይ ትልቁ ቢደክም ትንሹ በቀላል ነፋስ እንቅልፍ ይሰጥሃል።

የቼሳፒክ_ልጅ

ጋሼ፣ ልሸጠው ማስታወቂያ አውጥቼ ነበር። አሁን አነሳሁት።

ቶርኖ_ቤት (ሚኒያፖሊስ)

የክንዱን ብሎኖች ስንት ላይ አጠበቅካቸው? ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ደግመህ ፈትሻቸው። አዲስ እቅፍ ሁልጊዜ ትንሽ ይቀመጣል። የክንዱን ስዕልም ብትለጥፍልን፣ አንድ ሌላ ሰው በግል ጽፎልኝ እየጠየቀኝ ነው።

የቼሳፒክ_ልጅ

ደግሜ አልፈተሽኳቸውም። ቅዳሜ ጠዋት ወርጄ አጠብቃቸዋለሁ፣ ስዕሉንና ልኬቱንም ያኔ እለጥፋለሁ።